መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ብዕር

አንድ የተተወ ቤት ውስጥ፣ መብራት በገመድ ከውጭ ተስቦ በገባበት ክፍል፣ የ16 ዓመት ጎረምሳ አንዲት ሕፃን የቤት ሥራዋን ሲያግዛት ይታያል። ጥያቄው የሂሳብ ነው። አውቶቡሱ ላይ ይህን ያህል ሰው ነበረ፣ ይህን ያህል ወረደ፣ ይህን ያህል ተሳፈረ፤ አሁን ስንት ሰው ቀረ? ልጅቷ ትደናገራለች። አፏ ላይ የመጣላትን ቁጥር ትጠራለች። ጎረምሳው ይበሳጭና ዐይኗን እንድትጨፍን ነግሯት አውቶቡሱን በአደንዛዥ ዕፅ ይቀይረዋል። ይህን ያህል ብልቃጥ ነበረሽ፣ ይህን ያህል ሸጥሽ፣ ይህን ያህል ተጨመረልሽ፤ ስንት አለሽ? መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ትክክልም ነው። ያኛው እንዴት አቃተሽ ሲላት ምክንያቷ አጭር ነው። የዕፁ ቆጠራ ከተሳሳተ ዱላ አለ።

ይህ ትዕይንት ያለው «ዘ ዋየር» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ድራማው ከ2002 እስከ 2008 በኤችቢኦ ቴሌቪዥን በ5 ምዕራፍና በ60 ክፍል ቀርቧል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ትምህርት ሥርዓት የተጻፈ ወፍራም ጥናት የሚለውን ይህች አጭር ጨዋታ ብቻዋን ትለዋለች። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ትምህርት ቤቱ የጠየቃት ነገር ከኑሮዋ ጋር አይተዋወቅም፤ መንገዱ የሚጠይቃት ግን ስህተት አይምርም።

እንዲህ ያለ ነገር ቢሮ ተቀምጦ ጣራ ጣራ በማየት አይመጣም። ሰፈሩ ውስጥ ከርሞ የሰማ ሰው ብቻ ነው የሚያመጣው። ድራማውን የፈጠረው ዴቪድ ሳይመን «ታላቅ ጸሐፊ» እየተባለ ይወደሳል። ውዳሴው ባይከፋም ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። የሰውዬው ትልቁ ችሎታ ከብዕሩ በፊት ጆሮው ላይ ነው። ሥራው የሰመረለትም ጆሮው ሲቀድም ነው፤ የደከመበትም አፉ ሲቀድም ነው። የሥራ ዘመኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከታተለ ይህንን ያያል። ድራማ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

ሳይመን በ1960 ዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። ያደገው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዛሬ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች በምትታወቀው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዚያ ተነስቶ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ በማይፈጅ መንገድ ባልቲሞር ይገባል። አንዱ ሰላማዊ የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ ሌላው ፋብሪካዎቹ የተዘጉበት፣ የጀልባና የመርከብ ሥራው የቀዘቀዘበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶቹ በር በመስኮታቸው በጣውላ የታሸገበት የወደብ ከተማ። የሰውዬው ሕይወት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ አቋርጦ ሄዶ፣ እዚያው በመቅረቱ ይጠቃለላል።

ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እንደወጣ «ባልቲሞር ሰን» ጋዜጣ ላይ የፖሊስ ዘጋቢ ሆነ። የፖሊስ ዘገባ ጀማሪ የሚላክበት ቦታ ነው፤ ብዙዎች አንድ ሁለት ዓመት ሠርተውበት ወደ ተሻለ ወንበር ያልፋሉ። እሱ ከ10 ዓመት በላይ ቆየበት። በ1988 ከጋዜጣው ፈቃድ ወስዶ አንድ ሙሉ ዓመት ከከተማው የግድያ ምርመራ ክፍል ጋር አሳለፈ። አስከሬን ካለበት አብሯቸው ደረሰ፣ ምርመራ ክፍል ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ሌሊቱን አብሯቸው አነጋ። ከዚያ የወጣው «ሆሚሳይድ» የተሰኘው መጽሐፍ በ1991 ታተመ።

መጽሐፉ ወደ ቴሌቪዥን ሲሄድ የሆነው ነገር ሰውየውን በደንብ ያሳያል። የባልቲሞሩ ተወላጅ የፊልም ዳይሬክተር ባሪ ሌቪንሰን መጽሐፉን ወስዶ ለኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አደረገው። የመጀመሪያውን ክፍል ራሱ እንዲጽፍ ሳይመን ተጠይቆ ነበር። እንቢ አለ፤ የድራማ አጻጻፍ አላውቅም አለና ለሚያውቁት ተወላቸው። ስንቱ ጸሐፊ ነው እንዲህ ያለ በር ተከፍቶለት «አልችልም» የሚለው?

ኋላ ግን ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ከዴቪድ ሚልስ ጋር አንድ ክፍል ጻፉ። በ1994 መጀመሪያ የታየው ይህ ክፍል ሮቢን ዊሊያምስ የተወነበት ነው። ከቤተሰቡ ጋር ከተማዋን ሊጎበኝ መጥቶ ሚስቱ ዐይኑ እያየ የተገደለችበት አባት ሆኖ ይጫወታል። ሰውየው ሐዘን ላይ ሳለ፣ መርማሪዎቹ ጉዳዩ ስለሚያስገኝላቸው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እየቀለዱ ሲያወሩ ይሰማቸዋል። መርማሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። በየቀኑ አስከሬን የሚያይ ሰው የሚያወራው እንዲህ ነው። ሐዘንተኛው ደግሞ ይህን ሲሰማ የሚሰማው እንደዚያ ነው። የሁለቱንም ወገን እውነት በአንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ የሚችለው፣ ከሁለቱም ጋር ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ነው።

ክፍሉ የጸሐፊዎች ማኅበርን ሽልማት አገኘ። ሚልስ ጋዜጠኝነቱን ትቶ ወደ ሆሊውድ ሄደ። ሳይመን ግን ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ቴሌቪዥን የገባው ጋዜጣው በፈቃዳቸው ለሚለቁ ሠራተኞች ክፍያ ባዘጋጀበት በ1995 ነው። «ሆሚሳይድ» ላይ በጸሐፊነት ጀምሮ ፕሮዲውሰር ሆነ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሲኒማ የመጨረሻው ቃል የዳይሬክተሩ ነው፤ በተከታታይ ድራማ ግን ጸሐፊና ፕሮዲውሰር የሆነው ሰው ነው ተዋናይ የሚመርጠው፣ ዳይሬክተር የሚቀጥረው፣ ገንዘቡን የሚቆጣጠረው። ቃሉ እንዳይለወጥበት የሚፈልግ ጸሐፊ የፕሮዲውሰሩንም ራስ ምታት መሸከም አለበት።

በመካከሉ ሌላ ዓመት ነበረ። በ1993 ሳይመን ከኤድ በርንስ ጋር ሆኖ ምዕራብ ባልቲሞር ውስጥ ዕፅ የሚሸጥበት አንድ የመንገድ ማዕዘን ላይ ከረመ። በርንስ 20 ዓመት ፖሊስ ሆኖ ያገለገለ መርማሪ ነበር፤ ኋላም በከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ሁለቱ ሱስ የያዘውን ቤተሰብ፣ የሚሸጠውን ልጅ፣ የምትጸልየውን አሮጊት ከቀን ወደ ቀን ተከታተሉ። «ዘ ኮርነር» የተሰኘው መጽሐፍ በ1997 ወጣ፤ በ2000 በ6 ክፍል ድራማ ሆኖ በኤችቢኦ ቀረበ፤ 3 የኤሚ ሽልማት ወሰደ። እዚያ ሰፈር የነበረው ጥያቄ ቀላል ነበር። የዕፅ ዘመቻ የሚባለው ጦርነት የሚካሄደው በማን ላይ ነው? መልሱን ያገኙት ከመግለጫ ሳይሆን ከደጃፍ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይሏል ይሄ ነው።

«ዘ ዋየር» የበቀለው በዚህ መሬት ላይ ነው። ስሙ የስልክ ጠለፋን ያመለክታል። ፖሊሶች የዕፅ ነጋዴዎችን ስልክ ጠልፈው ያዳምጣሉ። ድራማው ራሱ ስለ ማዳመጥ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ፖሊስና ስለ ዕፅ ሻጮች ነው። ሁለተኛው ወደ ወደቡ ይሄድና ሥራ የጠፋባቸውን ጫኝና አውራጆች ያሳያል። ሦስተኛው ማዘጋጃ ቤት ይገባል። አራተኛው ትምህርት ቤት፣ አምስተኛው ጋዜጣ ነው። ተመልካች አንድ ሰፈር ሲለምድ ድራማው ወደ ሌላው ይወስደዋል።

የጸሐፊዎቹ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት እነማን ነበሩ? የቀድሞ መርማሪና አስተማሪ የሆነው በርንስ አለ። ጋዜጣው ላይ አብረውት የሠሩ ዘጋቢዎች አሉ። ስለ ከተማ ወንጀል መጽሐፍ በመጻፍ የታወቁት ጆርጅ ፔሌካኖስ፣ ሪቻርድ ፕራይስና ዴኒስ ሌሄን አሉ። ካሜራው እንዴት መናገር እንዳለበት ያስተማረው ፕሮዲውሰር ሮበርት ኮልስቤሪ በ2004 እስኪሞት ድረስ ከጎኑ ነበር። ኒና ኖብል ከ«ዘ ኮርነር» ጀምሮ ሥራውን በፕሮዲውሰርነት ይዛዋለች። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ያሉት ተማሪዎች ያን ያህል ልብ የሚነኩት በርንስ ክፍል ውስጥ ቆሞ ስላስተማራቸው ልጆች ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ «አንድ ሊቅ ብቻውን ፈጠረው» የሚለው ወሬ ከእውነቱ ጋር አይሄድም። ሳይመን ያደረገው ከእሱ የበለጠ የሚያውቁትን ሰብስቦ ማዳመጥ ነው። ይህም ሊቅነት ነው ከተባለ እሺ።

ድራማው ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ የቁጥር ጨዋታ። የፖሊስ አዛዡ ወንጀል እንዲቀንስ ታዟል። ወንጀሉ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ከባዱ ወንጀል በቀላል ስም ይመዘገባል። ትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት እንዲያሻሽል ታዟል። ልጆቹ አልተማሩም፤ ስለዚህ አስተማሪው ፈተናው የሚጠይቀውን ብቻ ያስጠናቸዋል። ሪፖርቱ ያምራል፣ አለቃው ይሾማል፣ መንገዱ ግን ያው ነው። ባልቲሞርን በካርታ ላይ የማያውቅ ሰው እንኳ፣ የትም አገር ቢሆን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ከሆነ፣ ይህን ሲያይ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተመልካች ነበረ? ብዙም አልነበረም። ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ናቸው፤ የመንገዱ ንግግር ለአሜሪካኖቹ ራሳቸው ይከብዳል፤ ማብራሪያም የለም። ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ድራማው ሊዘጋ ተቃርቦ ሳይመን የቀጣዮቹን ምዕራፎች ታሪክ ይዞ አለቆቹን መለመን ነበረበት። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክፍተት አለ። በአምስቱ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ለኤሚ ታጭቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ኢድሪስ ኤልባን፣ ማይክል ቢ. ጆርዳንን፣ ማይክል ኬ. ዊሊያምስን ለዓለም ያስተዋወቀ ድራማ ነው ይሄ! «ከምንጊዜውም ምርጥ» የሚለው ውዳሴ የጎረፈው ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እስካሁን የተባለው ምስጋና ነው። አሁን ግን ወደ ጉድለቱ።

አምስተኛው ምዕራፍ ሳይመን የሠራበትን ጋዜጣ በስሙ ይዞ ይመጣል። እዚያ ሽልማት የሚያሳድዱ አለቆችና ታሪክ የሚፈጥር ዘጋቢ አሉ። ሳይመን ከቀድሞ አለቆቹ ጋር የከረረ ቅሬታ እንደነበረው ራሱ አልደበቀም። ብዙ ተቺዎች ምዕራፉን ቂም መወጫ አሉት። እሱ አልተቀበለውም፤ ነገሩ ጋዜጣ የከተማው እውነተኛ ታሪክ እንዴት እንደሚያመልጠው የሚያሳይ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እውነት አለው። ነገር ግን ምዕራፉን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በአራቱ ምዕራፎች ነፍሰ ገዳዩ እንኳ የሚወደድ ጎን አለው፤ አምስተኛው ላይ ያሉት አዘጋጆች ግን እንደ ካርቶን የቀጠኑ ናቸው። ለዕፅ ሻጩ የተሰጠው ትዕግሥት ለጋዜጣ አለቃው ተነፈገ። ለምን? ሳይመን ስለ ሻጮቹ ሲጽፍ ጠይቆ፣ ሰምቶ ነው። ስለ ጋዜጣው ሲጽፍ ግን የሚያውቀው መሰለው። የተጎዳ ሰው ስለ ጎጂው ሲናገር ጆሮው ይደፈናል። ብዙ ጊዜ «የምታውቀውን ጻፍ» ይባላል። የዚህ ሰው ሥራ ግን ሌላ ምክር ይሰጣል፤ የምታውቀው የመሰለህን ነገር ተጠራጠረው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይሰፋል። ሳይመን ነጭ ነው፤ ከከተማዋ ነዋሪ አብዛኛው ጥቁር ነው። ስለ ጥቁር ድሆች ኑሮ የተነገረው ታላቁ ድራማ በአብዛኛው በነጭ ጸሐፊዎች እጅ መጻፉ ጥያቄ ማስነሳቱ ተገቢ ነው። ሴቶቹም በድራማው ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነው። መስማትና ባለቤት መሆን አንድ አይደሉም። የሰው ታሪክ በትክክል ሰምቶ የሚያወራ እንግዳ ክብር ይገባዋል፤ ባለቤቱ ራሱ እንዲያወራ ግን ወንበሩ ሊሰጠው ይገባል። ይህን ክስ «እሱ እኮ ሰፈሩ ውስጥ ከርሟል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ሁሉ ማዳመጥ ምን ለወጠ?

በመጋቢት 2015 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ሳይመንን ዋይት ሐውስ ጠርተው ስለ ዕፅና ስለ እስር ቤት በካሜራ ፊት ተወያዩ። ኦባማ ድራማውን እንደሚወዱት በተደጋጋሚ ተናግረዋል። ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ፣ ፍሬዲ ግሬይ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት በባልቲሞር ፖሊስ እጅ ሳለ አከርካሪው ተጎድቶ ሞተ። ከተማዋ ነደደች። 6 ፖሊሶች ተከሰሱ፤ አንዱም አልተፈረደበትም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 2022 ድረስ ባልቲሞር ውስጥ በየዓመቱ ከ300 ሰው በላይ ተገደለ። በ2017 ደግሞ መሣሪያ ከመንገድ ያስወግዳል የተባለ ልዩ የፖሊስ ቡድን አባላት ራሳቸው ሰው ሲዘርፉ፣ ዕፅ ሲሰርቁ፣ ያልሠሩበትን የትርፍ ሰዓት ሲቀበሉ ተገኝተው ታሰሩ። መሪያቸው 25 ዓመት ተፈረደበት። «ዘ ኮርነር» የተከታተለው ያ ወጣትም በ2012 ሞቷል። መጽሐፍ ተጽፎለታል፣ ድራማ ተሠርቶለታል፤ ዕፁ ግን አልለቀቀውም።

እንግዲህ ድራማው ከሸፈ ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አንዱ ወገን ጥበብ ዓለምን ይለውጣል እያለ ይምላል። ሌላው ፊልም ፊልም ነው፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ይላል። ሁለቱም ጸሐፊውን ያልገባበትን ውል ያስፈርሙታል። ሐኪም ካልፈወሰ ይጠየቃል፤ ምስክር የሚጠየቀው ግን ያየውን በትክክል በመናገሩ ነው። ምስክሩ እውነቱን ተናግሮ ዳኛው ባይፈርድ ጥፋቱ የምስክሩ አይደለም። ከ2023 ጀምሮ የባልቲሞር ግድያ ከ300 በታች ወርዷል። ይህንንም ለድራማው መስጠት ውሸት ይሆናል። ጎዳና ለጎዳና የለፉ ሰዎች አሉ፤ ምስጋናው የእነሱ ነው።

የምስክር ግዴታው ሌላ ነው። ነገሩ ሲቀየር ወይም ሲብስ ተመልሶ መምጣት አለበት። ሳይመን ይህን አድርጓል። ከ«ዘ ዋየር» በኋላ ሌላ ሌላ ቦታ ሄደ። የኢራቅን ጦርነት ወታደሮች በ«ጀነሬሽን ኪል»፣ ከአውሎ ነፋስ በኋላ ያለችውን ኒው ኦርሊንስ በ«ትሬሜ»፣ የዮንከርስን የቤቶች ግጭት በ«ሾው ሚ ኤ ሂሮ» አሳየ። ሚልስ በ2010 ድንገት ወድቆ የሞተው «ትሬሜ» ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ነው። በ2022፣ «ዘ ዋየር» በተጀመረ በ20ኛው ዓመት፣ ሳይመን ከፔሌካኖስ ጋር ሆኖ ወደ ባልቲሞር ተመለሰ። «ዊ ኦውን ዚስ ሲቲ» በ6 ክፍል የዚያን ዘራፊ የፖሊስ ቡድን ታሪክ ይነግራል።

ይህ ሥራ የተመሠረተው በማን ላይ ነው? በሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ። ጀስቲን ፌንተን የተባለ የ«ባልቲሞር ሰን» ዘጋቢ ጉዳዩን ለዓመታት ተከታትሎ የጻፈው ነው። ሳይመን በአምስተኛው ምዕራፍ የተጣላውን ያንኑ ጋዜጣ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ ወጣት ዘጋቢ በሠራው ሥራ በኩል መልሶ ሰማው። እኔ አውቀዋለሁ አላለም። የሚያውቀውን ሰው ፈልጎ አዳመጠ። አዲሱ ድራማ የድሮው ያህል ቀልድ የለውም፤ ይልቁንም ቁጣው ገንፍሏል። በ20 ዓመት ውስጥ የባሰውን ነገር ያየ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ዛሬ የድራማ ገበያው ፈጣን ነው። የመጀመሪያው ክፍል ተመልካች ካልያዘ ሁለተኛው ዕድል የለውም። ጸሐፊው ታሪኩን ከሌላ ድራማ ይቀዳል፤ ያም ድራማ ከሌላ የተቀዳ ነው። ድሃ ሲያለቅስ፣ ሀብታም ሲያታልል፣ ፖሊስ ሲሮጥ እናያለን፤ ድሃው ግን ቁርሱን ምን እንደበላ፣ ፖሊሱ የትርፍ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ልጅቷ ሂሳቡ ለምን እንዳቃታት አንሰማም። ጎበዝ ተዋናይ፣ ውድ ካሜራ፣ ያማረ ቤት ይህን ክፍተት አይሞሉትም። የሚሞላው ሰፈሩ ውስጥ የተቀመጡበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አይከፍልበትም፤ ለዚህ ነው የሚጠፋው።

ድራማ ለመጻፍ የተነሳ ወጣት የሳይመንን ሽልማትና ስም አይቶ ይቀና ይሆናል። ቢቀና በ1988ቱ ዓመት ይቅና። ያኔ ሰውየው 28 ዓመቱ ነበር፤ ካሜራ የለውም፣ ቴሌቪዥን አያስብም። ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ የደከሙ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል።